ተቀጣጣዩ አውቶቡስ መሀል የነበረችውን ክብ ወለል የምታስታውሱ አላችሁ?

ክቧ ወለል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ልልቀቀው።

ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት የምሄደው ከአባቴ ጋር በተቀጣጣይ አውቶቡስ ነበር። ያ ረጅሙ፣ መሀሉ ላይ የተሸበሸበ ጥቁር ላስቲክ ያለው። አንዳንዱ ሰው ተጣጣፊ ይለዋል። እኛ ልጆቹ አኮርዲዮን ነበር የምንለው። «አኮርዲዮኑ መጣ!» ከተባለ ሩጫ ነው፤ የትኛው በር ፊታችን እንደሚቆም አናውቅማ።

ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ፣ ወለሉ መሀል፣ አንዲት ትልቅ ክብ ብረት ነበረች። አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ዝም ያለች ወለል ናት። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ከእግራችን ስር መዞር ትጀምራለች። አንዱን እግሬን ክቧ ላይ፣ ሌላውን ከክቧ ውጭ አድርጌ እቆምና እግሮቼ ቀስ እያሉ አቅጣጫ ሲቀይሩ አያለሁ። ላስቲኩ በአንድ በኩል ይጨማደዳል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል። በተወጠረው በኩል ቀዳዳ ስለነበረው ብርሃን ይገባል። እዚያ ቦታ መስኮት የለም፣ ጨለም ያለ ነው፤ ያቺ የብርሃን ጭረት አባቴ ጫማ ላይ ስትሄድ እስካሁን ትታየኛለች።

አባቴ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያ ነበር። ወንበር ባዶ ሆኖ እንኳ። እኔን «ሂድ ተቀመጥ» ይለኛል። እኔ አልሄድም፣ እጁን ይዤ አብሬው እቆማለሁ። ለምን እንደማይቀመጥ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። አሁን የለም፤ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ያቺ ክብ እንዴት ነበር የምትሠራው? የኋላው ክፍልስ ለምን ያን ያህል ይወዛወዝ ነበር? ደግሞ እንደ አባቴ እዚያ መቆም የሚወድ ሰው ታውቁ ነበር? ለምን ነበር የሚወደው?

ኩሽኔታ

ወንድሜ፣ የሙያዬን ቦታ ነካህ። ግማሽ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አውቶቡስ ስር ተኝቼ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው፣ ታገሰኝ።

ያቺ ክብ ክዳን ብቻ ናት። ዋናው ነገር ከስሯ ነው ያለው። ትልቅ የኩሽኔታ ቀለበት አለ። የሕንፃ ክሬን አይተህ ከሆነ፣ ክሬኑ ወገቡ ላይ የሚዞርበት ቀለበት የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ግማሹ ቀለበት ከፊተኛው ክፍል ሻንሲ ጋር ይታሰራል፣ ግማሹ ከኋለኛው ጋር፣ በመሀላቸው የብረት ኳሶች ይሽከረከራሉ። ግራሶ በየጊዜው ይፈልጋል። ግራሶው ከደረቀ አውቶቡሱ መታጠፊያ ላይ ያቃስታል። ያን የማቃሰት ድምፅ የሰማ ተሳፋሪ ብዙ ነው፣ ምን እንደሆነ ያወቀ ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለተኛ ነገር አለ። አውቶቡሱ ግራና ቀኝ ብቻ ሳይሆን ላይና ታችም መታጠፍ አለበት። ዳገት ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲወጣ አስበው። ፊቱ ሜዳው ላይ ነው፣ ኋላው ገና ዳገቱ ላይ። መሀሉ ካልታጠፈ ጎማው ከመሬት ይነሳል፣ ወይ ሻንሲው ይሰበራል። ስለዚህ ከቀለበቱ ጋር በአግድም የተኛ ማጠፊያ አለ፣ እንደ በር ማጠፊያ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው አውቶቡሱ ወገብ የሚኖረው። እንደ ፎጣ መጠምዘዝ ግን አይፈቀድለትም፤ ትንሽ ብቻ ይለቀቅለታል።

ላስቲክ ያልከው ላስቲክ የተቀባ ጠንካራ ሸራ ነው። በብረት ክፈፎች ላይ እየተሰፋ ነው የሚሠራው። ሥራው ዝናብና አቧራ መከልከል ነው፣ ክብደት አይሸከምም። ሲያረጅ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። አንተ ያየኸው ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው። እኛ እንሰፋዋለን፣ እንለጥፈዋለን፣ ከሦስት ወር በኋላ ከጎኑ ይቀደዳል።

አሁን ወደ መወዛወዙ። በአሮጌዎቹ ተቀጣጣዮች ሞተሩ ያለው የፊተኛው ክፍል ወለል ስር ነው፤ ከፊት ጎማና ከመሀለኛው ጎማ መካከል ተኝቶ። የሚያሽከረክረው መሀለኛውን ጎማ ነው። የኋላው ክፍል ምንም ጉልበት የለውም። ሰው የጫነ ተሳቢ በለው። የፊቱ ይጎትታል፣ የኋላው ይከተላል። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ጎማ ራሱ መሪ ነበረው። ከመገናኛው በሚሄዱ ብረቶች ተያይዞ ፊቱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ በተቃራኒው ይታጠፋል። ይህ የተደረገው ኋላው የፊቱን ዱካ እንዲከተል ነው፤ ጠባብ መንገድ ላይ የእግረኛ መንገዱን እንዳይወጣ። ግን አስተውል። መገናኛው ላይ የሚመጣ ትንሽ እንቅስቃሴ ሁሉ በእነዚያ ብረቶች በኩል ጎማው ጋ ይደርሳል። ብረቶቹ ሲበሉ ደግሞ ክፍተት ይመጣል። ከዚያ ቀጥ ያለ መንገድ ላይም ጅራቱ ይወዛወዛል። የልጅነትህ አውቶቡስ አርጅቶ ነበር ማለት ነው።

ስለ አባትህ የማውቀው የለም። ነፍሱን ይማር።

ሰባት ቁጥር

እኔ ተማሪ ሆኜ ቡዳፔስት ኖሬአለሁ። እዚያ የሰባት ቁጥርን አውቶቡስ የማያውቅ ሰው የለም። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፣ ዳኑብን በኤርዜቤት ድልድይ ይሻገራል። ሰማያዊ፣ የሀንጋሪ ሥሪት ኢካሩስ ነበር፣ 280 የሚባለው። ኩሽኔታ የገለጸው ሁሉ እሱን ነው፤ ሳነበው ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ስለ እሱ መኪና ትንሽ ልጨምር፣ ስለምወደው። ሀንጋሪዎቹ 280ን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እስከ 2002 ድረስ ሠርተዋል። ከ60,000 በላይ ነው ያመረቱት። ርዝመቱ 16.5 ሜትር ነው። ሞስኮ ሂጂ፣ ምሥራቅ በርሊን ሂጂ፣ ዋርሶ ሂጂ፣ እሱ ነው የሚጠብቅሽ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ክራውን ከሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ጋር ሆነው 286 የሚባለውን ወንድሙን አስገብተዋል፤ ያውም ምሥራቅና ምዕራብ በጎሪጥ በሚተያዩበት ዘመን። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አውቶቡሱ ጥሩ ስለነበር ብቻ ገባ።

አራት በር ነበረው። በሮቹ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉ ናቸው፣ ሲከፈቱ በአየር ግፊት ፍስስ ይሉና ከግድግዳው ጋር ይላተማሉ። መጀመሪያ ሰሞን ደንግጬ ወደ ኋላ ዘልዬ ነበር። መስኮቶቹ ሰፊ ናቸው። ክረምት ላይ ከውስጥ በጭጋግ ይሸፈናሉ። ሰው በጣቱ ይጽፍባቸዋል።

ክቧ ወለል ላይ በክረምት የሚቆም ሰው ትንሽ ነው። በሸራው ብርድ ይገባል። ነገር ግን ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ እዚያ። አንደኞቹ ፍቅረኛሞች ናቸው፤ ቦታው ጨለም ይላል፣ መታጠፊያው በመጣ ቁጥር ደግሞ መደጋገፍ ግድ ነው። ሌሎቹ ብቸኛ ሰዎች ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከሁለተኞቹ ወገን ነበርኩ። ቋንቋውን አላውቅም። ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ አጠገቤ ያለ ሰው ያናግረኛል ብዬ እፈራለሁ። ክቧ ላይ የቆመን ሰው ማንም አያናግረውም፣ ሁሉም ሚዛኑን መጠበቅ ላይ ነው። ምናልባት አባትህም ጠዋት ዝም ማለት የሚወድ ሰው ይሆናል።

ቡዳፔስት የመጨረሻዎቹን 280ዎች በ2022 አሰናበተች። ሲሰናበቱ የተነሱትን ፎቶዎች አይቼ አለቀስኩ። ስለ ከተማዋ አልነበረም፤ ስለዚያ ስለመጀመሪያው ዓመት ነው።

ትንሿ ጣት

እኔ እንደእናንተ አልወደውም ነበር። ለእኔ ያ ቦታ የፍርሃት ቦታ ነው። ስድስት ዓመቴ እያለ የክቧ ጠርዝ ላይ የወደቀ እርሳሴን ላነሳ ጎንበስ ስል አውቶቡሱ ታጠፈ፣ ጣቴን ጠርዙ ያዘኝ። ትንሽ ነው የተላጠው። ግን ጩኸቴን ሰምቶ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ሹፌሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ግን አውቶቡሱ መሄዱን አላቆመም። በጣም ረጅም ነበራ። ከኋላ የሚሆነውን ፊት ያለው አያውቅም። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ነው የምቀመጠው። ትልቅ ሰው ሆኜም እንደዚያው ነኝ።

ክቧ ወለል (ጠያቂ)

ትንሿ ጣት፣ አይዞሽ። እኔ ላይ ስላልደረሰ ነው እንጂ ጠርዙ በእርግጥም ስለታም ነበር። አባቴ «ጫማህን ከጠርዙ አርቅ» ይለኝ የነበረው ለዚህ ነው ማለት ነው።

ሰባት ቁጥር፣ ያልሽው ገባኝ። አባቴ ግን ዝምተኛ አልነበረም። ክቧ ላይ ቆሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ሁሉ ያወራ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት።

የጡረታው ሹፌር

ልጆቼ፣ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ፣ እሱው እየጻፈልኝ ነው። ተቀጣጣይ ለብዙ ዓመታት ነድቻለሁ።

መጀመሪያ ጣቷን ለተያዘችው ልጅ። ልጄ ሆይ፣ እውነትሽን ነው። ከኋላ የሚሆነውን አናውቅም ነበር። ይህ እኛን ሹፌሮቹን ሌሊት የሚያነቃን ነገር ነው። የመጨረሻው በር ከእኔ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ይርቃል። በስፖኪዮ ነው የማየው። አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ፌርማታው ኩርባ ላይ ከሆነ ግን የኋላው ክፍል ከስፖኪዮ ይወጣል። ግራ ስታጠፊ የግራው ስፖኪዮ በኋላው ክፍል ጎን ይሞላል፣ የቀኙ ደግሞ ባዶ መንገድ ያሳይሻል። በዚያ ባዶ ባልሽው መንገድ ላይ ብስክሌት ይኑር ሰው ይኑር በግምት ነው። ስለዚህ በጆሮ እንነዳ ነበር። ሰው ሲጮህ፣ ግድግዳ ሲመታ፣ ደወል ሲደጋገም። በር ከዘጋሁ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት ትንፋሽ ያህል እጠብቅ ነበር። ፕሮግራሙ ይዘገያል ብለው ይቆጡኛል። ይቆጡ፣ ሁለቱን ትንፋሽ ግን አልተውኩም።

መንዳቱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። 18 ሜትር ርዝመት ያለው ተቀጣጣይ ለመዞር የሚፈልገው ቦታ ከ12 ሜትሩ ተራ አውቶቡስ ብዙም አይበልጥም። ወገብ ስላለው ነው። የሚከብደው ወደ ኋላ መሄድ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሪ ኋላው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ትንሽ ካለፈ ደግሞ መመለሻ የለውም፣ ይታጠፍና ራሱን ይመታል። ስለዚህ ረዳት ሳይወርድ ወደ ኋላ አልሄድም።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ፣ ልጄ። የቆዩ ተሳፋሪዎች የት እንደሚቆሙ አያቸው ነበር። በስፖኪዮ ሳይሆን፣ ከራሴ በላይ ባለው የውስጥ መስታወት። መንገዱን የሚያውቁት፣ በየቀኑ የሚመላለሱት፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ አይቀመጡም። መጨረሻው ወንበር ከመጨረሻው ጎማ በኋላ ነው ያለው። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ያ ጫፍ እንደ ዥዋዥዌ ይነሳል። ሕፃናት ይወዱታል፤ ወገብ ያለው ሰው ግን ይጎዳል። ጎማው ላይ ያለው ወንበርም እንደዚያው ነው፣ ምቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይመጣል። ክቧ ያለችው ከመሀለኛው ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ትዞራለች እንጂ ብዙ አትነሳም፣ አትወድቅም። ደግሞ የቆመ ሰው ጉልበት አለው። የእግር ጉልበት ምት የሚውጥ ሞሎ ነው። የተቀመጠ ሰው ግን ምቱን የሚቀበለው በጀርባው ነው።

አባትህ ጀርባውን ያመው ነበር? እስቲ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቅ።

መስመር ቀያሽ

አባባ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። ሁለቱን ትንፋሽ ያሉትን ለሥራ ባልደረቦቼ አነብላቸዋለሁ።

እኔ የትራንስፖርት ዕቅድ ነው ሙያዬ። ጥያቄው ስለ ትዝታ ቢሆንም አንድ ነገር ካልተናገርኩ አልተኛም። ተቀጣጣይ አውቶቡስ በብዙ ቦታ የተጠላው በራሱ ጥፋት አይደለም።

ለንደንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ባለ 18 ሜትር ተቀጣጣዮች አስገባች። ሦስት በር ነበራቸው፤ ሰው በሁሉም ይገባል። ፌርማታ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ አነሰ። ነገር ግን ሹፌሩ ጋ የማይደርስ ሰው ሳይከፍል መሄድ ጀመረ። እነዚያ ረጃጅም መኪኖች ደግሞ መኪና በታጨቀበት ጠባብ መንገድ ላይ መስቀለኛውን ዘግተው ይቆማሉ፣ ብስክሌተኞች ፈሯቸው። ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ጥቂቶቹ እሳት ተነስቶባቸው ለጊዜው ከመንገድ ተነስተው ነበር። በ2008 ቦሪስ ጆንሰን ለከንቲባነት ሲወዳደር አስወጣቸዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። በታኅሣሥ 2011 የመጨረሻው ወጣ።

አሁን ወደ ብራዚል፣ ወደ ኩሪቲባ ሂዱ። በዣይሜ ሌርነር ከንቲባነት ዘመን፣ በ1974፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ሠሩ። በ1991 እንደ መስታወት ቱቦ ያሉ ጣቢያዎች ጨመሩ። ክፍያው ጣቢያው ውስጥ ያልቃል፤ የጣቢያው ወለልና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ነው፣ ደረጃ የለም። በ1992 ደግሞ ሁለት ቦታ የሚታጠፍ ቮልቮ አስገቡ። 25 ሜትር ርዝመት፣ አምስት በር፣ 270 ሰው! አንድ ሹፌር። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በ2000 መጨረሻ ላይ ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ መስመሯን ስትከፍት ይህንኑ ሐሳብ ይዛ ነው፤ ቀያይ ተቀጣጣዮቿ እስካሁን ይሄዳሉ። ኢስታንቡልም ከ2007 ጀምሮ በፈጣን መንገድ መሀል የራሳቸውን ረድፍ ሰጥታቸዋለች።

ማሽኑ አንድ ዓይነት ነው። መንገዱ ግን ሌላ ነው። የራሱ ረድፍ ያለው ተቀጣጣይ ባቡር ይሆናል። በመኪና መሀል የገባ ተቀጣጣይ ራሱም ይታነቃል፣ ሌላውንም ያንቃል። ገንዘብ ያለው ከተማ ቅያሬ አውቶቡስ ይገዛል፤ ረድፍ መከለል ግን ገንዘብ ሳይሆን ድፍረት ነው የሚፈልገው። የግል መኪና ያላቸውን ማስቆጣት ስላለበት። ይህን በየስብሰባው እላለሁ፣ እዚህም አልኩት።

ደግሞ ተቀጣጣይ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደነበረ አስቡ። አውቶቡስ ሰው የጫነ ተሳቢ ይጎትት ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም። ተሳቢው የራሱ ትኬት ቆራጭ ይፈልጋል፣ ውስጡ የሚሆነውን ሹፌሩ ከነጭራሹ አያይም። ያቺ ክብ ወለልና ያ ሸራ የመጡት ያንን ግድግዳ ለማፍረስ ነው። ሰው ከኋላ ወደ ፊት እንዲራመድ።

ኩሽኔታ

መስመር ቀያሽ ያልከው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ማሽኑ አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም የዛሬዎቹ ተቀጣጣዮች የአባባ ዘመን መኪኖች አይደሉም።

ዛሬ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ መጨረሻው ጫፍ ላይ። የሚያሽከረክረው የመጨረሻውን ጎማ ነው። ማለትም ኋላው ፊቱን ይገፋል። ለምን ተገለበጠ ካላችሁ፣ ወለሉ ዝቅ እንዲል ነው። ሞተር ወለል ስር ካለ ወለሉ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ ደረጃ መኖሩ አይቀርም። ሽማግሌው፣ የሕፃን ጋሪ የያዘችው እናት፣ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ሦስት ደረጃ መውጣት አለባቸው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ከፊት እስከ ኋላ ወለሉ ዝቅ ሊል ቻለ። ለእኔ ከዚያ ወዲህ ከመጣው ለውጥ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ግን መግፋት ከመጎተት ይከብዳል። ገመድ ጎትታችሁ እዩ፣ ከዚያ ግፉት። መንገዱ ሲያሟልጭ ኋላው መግፋቱን ቀጥሎ ፊቱ ከተያዘ መሀሉ እንደ ሰንጢ ይታጠፋል። ይህን ለመከልከል ዘመናዊው መገናኛ ውስጥ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ማፈኛዎች አሉ። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱንና የመሪውን ማዕዘን ያያል፣ መገናኛው ከሚገባው በላይ ሲታጠፍ ያጠነክረዋል። ማፈኛው ዘይት ሲያፈስ ስንቶቻችን ሌሊቱን ስሩ አድረናል።

ጀርመን አገር ካሰል ከተማ ውስጥ ኽዩብነር የሚባል ድርጅት አለ፤ ክቧንና ሸራውን የሚሠራ። ዛሬ በብዙ ከተማ ተቀጣጣይ ውስጥ ስትቆሙ የቆማችሁት የእነሱ ሥራ ላይ ነው። አዲሶቹ ሸራዎች አንዳንዶቹ ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ሳይቀደዱ። ያ ጨለማ የለም። ጠርዙም እንደ ድሮው አይደለም፤ ጣት እንዳያስገባ ሆኖ ተስተካክሏል። ትንሿ ጣት፣ አንድ ቀን ሞክሪው።

ትንሿ ጣት

እሞክራለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ግን የሚያልፍ ብርሃን ያልከው ደስ አለኝ። አባባ ደግሞ «እውነትሽን ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ያኔ ሁሉም «ምን ልትሠሪ ጎነበስሽ» ነበር ያሉኝ።

ሰባት ቁጥር

አባባ ስለ መጨረሻው ወንበር ያሉት ልክ ነው! ተማሪዎቹ ሁሉ ወደዚያ ነበር የምንሮጠው። አሮጊቶቹ ሁልጊዜ መሀል ላይ። እኔ ወደ በሩ እንዲቀርቡ ይመስለኝ ነበር።

ክቧ ወለል (ጠያቂ)

ሁለት ቀን ዘገየሁ፣ ይቅርታ። አባባ የጠየቁኝን ይዤ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር።

ጀርባውን ያመው ነበር ወይ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ማን ነገረህ?» አለችኝ። እኔ ሳልወለድ ሸክም ሲያነሳ ተጎድቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ነበር። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ጠንካራው ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው፣ ለስላሳውን ለእኛ ስለሚተው ይመስለኝ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠ ሁለት ችግር አለ አለችኝ። አንደኛው አባባ ያሉት ነው፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይወጋዋል። ሁለተኛው መነሳቱ ነው። ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሳት የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ፊቱ እየተኮማተረ ነበር። እኔ ያን እንዳላይ ነው የማይቀመጠው። «ልጁ አባቴ አይችልም ብሎ እንዳያስብ» ይላት ነበር።

እኔ እጁን የያዝኩት እንዳልወድቅ ነበር። መታጠፊያ ላይ እሱ ጠበቅ ያደርገኝ የነበረው ግን ለእኔ ብቻ እንዳልነበር አሁን ነው የገባኝ።

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ በስፖኪዮ ሳይሆን በውስጡ መስታወት ያዩዋቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ የእርስዎ አውቶቡስ ባይሆን እንኳ።

ኩሽኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከአሮጌዎቹ የወጣች፣ የተጣለች ክብ የትም ቦታ አለች? ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። እናቴም ማየት ትፈልጋለች።

የጡረታው ሹፌር

ልጄ ጽሑፉን አነበበልኝ። ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። እናትህን ሰላም በልልኝ።

ኩሽኔታ

አለች። ግቢያችን ውስጥ ከግንቡ ጋር ተደግፋ የቆመች አንዲት አለች፣ ቀለበቷም አብሯት ነው፣ እስካሁን ይዞራል። በመልእክት ሳጥን ጻፍልኝና ቀኑን እንነጋገር። እናትህን ስታመጣ መሬቱ ጠጠር ስለሆነ ዝቅ ያለ ጫማ ታድርግ። አንተም ጥሩ ልብስ አትልበስ፤ የደረቀ ግራሶ ነው፣ ከነካ አይለቅም።